ሁለት ሚዛን በአንድ ከረጢት፦ የውጫሌን ውል እንደ ጽሑፍ ስናነብ

አምባሰል ሲባል ዜማ ትዝ ይለናል፤ ውጫሌ ሲባል ደግሞ ውል። ሁለቱ ስሞች ጎረቤት ብቻ ሳይሆኑ ቤተሰብ ናቸው፤ ውጫሌ የአምባሰል ወረዳ ከተማ ናትና። አንደኛው ስም ከአራቱ የአገራችን ቅኝቶች ለአንዱ መጠሪያ ሆነ። ሌላው ሃያ አንቀጾች ላሉት የመንግሥታት ስምምነት መጠሪያ ሆነ። ሥነ ጽሑፍ የምንወድ ወጣቶች አብዛኛውን ጊዜ የምንቆመው ዜማው ዘንድ ነው። ግጥም ሲነበብልን ጆሯችንን እናቀናለን፤ ቃሉን እናገላብጣለን፤ ሰሙን ከወርቁ እንለያለን። ውል፣ ማመልከቻ፣ ማስታወቂያ ወይም ቃለ ጉባኤ ሲሰጠን ግን የመጨረሻውን ገጽ ገልጠን “የት ላይ ልፈርም?” እንላለን።

በዚህ ጽሑፍ የምለው አንድ ነገር ነው። ለግጥም የምንሰጠውን ጥንቃቄ ለውልም ልንሰጠው ይገባል፤ እንዲያውም ውሉ ይብሳል። ግጥምን አሳስቶ ያነበበ ሰው የሚያጣው ደስታ ነው፤ ውልን አሳስቶ ያነበበ ሰው ግን ነፃነቱን ሊያጣ ይችላል። ለዚህ ማስረጃ ፍለጋ ሩቅ አንሄድም፤ ደጃችን ላይ አለና።

በዩኒቨርሲቲ የእንግሊዝኛ ትምህርት ክፍል ያለፋችሁ ወንድሞችና እህቶች “ስታይሊስቲክስ” የሚባለውን ትምህርት ታውቁታላችሁ። ስለ አጻጻፍ ስልት የሚያጠና ትምህርት ነው፤ አንድ ጽሑፍ በቃላት ምርጫው፣ በግሱና በዓረፍተ ነገሩ አሠራር ትርጉምን እንዴት እንደሚፈጥር ይመረምራል። ብዙዎቻችን የተማርነው በግጥምና በልብ ወለድ ላይ ነው። ይሁን እንጂ ዴቪድ ክሪስታልና ዴሪክ ዴቪ የተባሉ ሁለት ምሁራን በ1969 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት መጽሐፍ ይህን መሣሪያ ከሥነ ጽሑፍ አጥር አውጥተው ወደ ዕለት ተዕለት ቋንቋ ወሰዱት። ሰዎች በቤታቸው የሚያወሩትን ወሬ፣ በቀጥታ የሚተላለፍ የስፖርት ዘገባን፣ የጋዜጣ ዜናን፣ የአምልኮ ቋንቋንና የሕግ ሰነድን አንድ በአንድ መረመሩ። ጥያቄያቸው “ጽሑፉ ያምራል ወይ?” የሚል አልነበረም። “በዚህ ዓይነት ጽሑፍ ውስጥ ደጋግሞ የሚታየው ምንድን ነው? ምን ሥራስ ይሠራል?” የሚል ነበር።

ከዚህ መንገድ ተምሬ ለእኛ እንዲመች በአራት ጥያቄዎች ላጥረው። አንደኛ፣ ማሰሪያ አንቀጹ ማለትም ዋናው ግስ ምን ይላል? ሁለተኛ፣ አድራጊው ማን ነው? ሦስተኛ፣ ነገሩ የሚደርሰው እስከ የት ነው? አራተኛ፣ ጽሑፉ ምን ዓይነት ጽሑፍ ነው? እነዚህን አራት ጥያቄዎች ይዘን ወደ ውጫሌ እንውረድ።

ታሪኩን ሁላችንም በትምህርት ቤት ተምረነዋል። አጼ ዮሐንስ 4ኛ በመተማ ከወደቁ ሁለት ወር እንኳ ሳይሞላ፣ ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም.፣ ንጉሥ ምኒልክ ከኢጣሊያው መልእክተኛ ከቆንት ፒየትሮ አንቶኔሊ ጋር በውጫሌ አጠገብ፣ ይስማ ንጉሥ በሚባለው ስፍራ ውሉን ተፈራረሙ። ውሉ በአማርኛና በጣሊያንኛ ተጻፈ። አንቀጽ 17 በአማርኛ “ይቻላቸዋል” ይላል፣ በጣሊያንኛ ግን ያስገድዳል፤ ከዚያም ጠብ፣ ከዚያም አድዋ። ፈተና ላይ የምንመልሰው ይህንኑ ነው። መልሱ ስሕተት አይደለም፤ ግን ያጥራል። ጽሑፉን እንደ ጽሑፍ ስናነበው ከአንድ ግስ ያለፈ ነገር ይታየናል።

ከግሱ እንጀምር። በታሪክ መጻሕፍት በስፋት በሚታወቀው የአማርኛ ቅጂ ማሰሪያው “ይቻላቸዋል” ነው። የጣሊያንኛው ማሰሪያ ደግሞ “ኮንሴንቴ” የሚል ነው። ብዙዎቻችን የጣሊያንኛው ቃል “የግድ ነው” ወይም “አለባቸው” የሚል ይመስለናል። አይልም። ትርጉሙ “ይስማማል፣ ይፈቅዳል” ነው። ከእርሱ ቀጥሎ የሚመጣው “ሴርቪርሲ” የሚለው ቃልም “መገልገል” ማለት ነው። እንግዲህ የጣሊያንኛው ሐሳብ ሲፈታ፣ ንጉሠ ነገሥቱ በኢጣሊያ መንግሥት ለመገልገል ይስማማሉ የሚል ነው። ቃሉን ላይ ላዩን ለሚያይ ሰው ንጉሡ ጌታ፣ ኢጣሊያ አገልጋይ ናት! ታዲያ ግዴታው ከየት መጣ?

እዚህ ላይ አራተኛው ጥያቄ ይረዳናል፤ ጽሑፉ ምን ዓይነት ጽሑፍ ነው? የአገራችንን የወንጀል ሕግ ብትከፍቱ አንቀጾቹ “ይቀጣል” በሚል ቃል ሲዘጉ ታያላችሁ። ያ ቃል ትንቢት አይደለም፤ ትእዛዝ ነው። ጎረቤታችን “ነገ ይዘንባል” ሲል የሚጠቀምበት የግስ ቅርጽ በሕግ መጽሐፍ ውስጥ ሲገባ ግዴታ ይሆናል። “ተከራይ ኪራዩን በየወሩ ይከፍላል” የሚል ውልም “አለበት” የሚል ቃል አላስፈለገውም። “ኮንሴንቴ”ም እንዲሁ ነው። በወዳጅ ደብዳቤ ላይ ቢሆን ትሕትና ይሆን ነበር። በመንግሥታት ውል ላይ ሲሰፍር ግን “ይስማማል” ማለት “ዛሬ ፈርሞ ተስማምቷል፤ ከዛሬ ጀምሮም ታስሯል” እንደ ማለት ሊተረጎም ይችላል። ሮም የተረጎመችው እንዲህ ነበር። ገመዱ ያለው በቃሉ ውስጥ ብቻ አይደለም፤ ቃሉ በተቀመጠበት ወንበር ላይም ነው።

ወደ አድራጊው እንለፍ። “ይቻላቸዋል” የሚለውን ቃል ቀስ ብላችሁ ፍቱት። በአማርኛ ሰዋስው የዚህ ግስ ባለቤት ንጉሡ አይደሉም። የሚቻለው “መላላክ” ነው፤ ንጉሡ በግሱ መጨረሻ “አቸው” በሚለው የአክብሮት ቅጥያ ውስጥ ነገሩ የተመቻቸላቸው ሆነው ይታያሉ። ንጉሡ ምንም አልገቡም፣ ምንም አልማሉም፤ በር ተከፈተላቸው እንጂ። ቢፈልጉ ይገባሉ፤ ባይፈልጉ ያልፋሉ። በጣሊያንኛው ግን የዓረፍተ ነገሩ ባለቤት ራሳቸው ንጉሠ ነገሥቱ ናቸው፤ የሚስማሙት እርሳቸው ናቸው። አንደኛው ጽሑፍ ንጉሡን ተቀባይ ያደርጋቸዋል፤ ሌላው ቃል ገቢ ያደርጋቸዋል።

ሦስተኛው ጥያቄ ወሰኑ ነው። አማርኛው የሚናገረው ከኤሮፓ ነገሥታት ጋር ስለ መላላክ፣ ያውም ንጉሡ ስለሚፈልጉት ጉዳይ ነው። ጣሊያንኛው የሚናገረው ከሌሎች ኃያላን ወይም መንግሥታት ጋር ስለሚኖራቸው የጉዳይ ድርድር ሁሉ ነው። ልዩነቱን አስተውሉ። “መላላክ” መልእክተኛና ደብዳቤ ነው፤ “ድርድር” ግን የመንግሥት ሥራ ነው። “የኤሮፓ ነገሥታት” አጥር አለው፤ “ሌሎች መንግሥታት” አጥር የለውም። “የሚፈልጉት” በንጉሡ ፈቃድ ላይ ይቆማል፤ “የሚኖራቸው” ግን ፈቃድ አይጠይቅም። “ሁሉ” የሚለው ቃል በሁለቱም በኩል አለ፤ ነገር ግን በአማርኛው የሚከተለው የንጉሡን ፍላጎት ስለሆነ ያሰፋላቸዋል፤ በጣሊያንኛው የሚከተለው ድርድራቸውን ስለሆነ ይዘጋባቸዋል። አንድ ቃል፣ ሁለት ሥራ።

ስለዚህ “የአንድ ግስ ስሕተት” የሚለው የተለመደ አነጋገር አይበቃም። ልዩነቱ በግሱም፣ በባለቤቱም፣ በወሰኑም ውስጥ አለ። ሆን ተብሎ የተደረገ ነው ወይስ በትርጉም ድክመት የመጣ ነው? በዚህ ላይ ምሁራን ተከራክረዋል። ስዊድናዊው የታሪክ ተመራማሪ ስቨን ሩበንሰን በ1964 እ.ኤ.አ. ስለዚህ አንቀጽ ባወጣው ጥናት ሁለቱን ቅጂዎች ከደብዳቤዎች ጋር አስተያይቶ ጣቱን ወደ አንቶኔሊ ቀሰረ፤ ጣሊያናዊው ካርሎ ጂልዮ ደግሞ ተቃውሞ ጻፈ። የሰውን ልብ የሚመረምር እግዚአብሔር ነው። የጽሑፍ አንባቢ ግን ከልብ በፊት ሊመረምረው የሚችለው ወረቀቱን ነው፤ ወረቀቱም ሁለት ነገር ይናገራል።

ይበልጥ የሚያስገርመው ከአንቀጽ 17 ሁለት ቁጥር ወረድ ብሎ ያለው ነው። አንቀጽ 19 የአማርኛውና የጣሊያንኛው ጽሑፍ ፍጹም የተስማሙ ስለሆኑ ሁለቱም እኩል የታመኑ ናቸው የሚል ይዘት አለው። አንድ ሰነድ ስለ ራሱ ሲመሰክር እንዲህ ነው። “እኔ አንድ ነኝ” ማለቱ አንድ አላደረገውም። ይህ ለአንባቢ ትልቅ ትምህርት ነው። ጽሑፍ ስለ ራሱ የሚናገረው ምስክርነት በጽሑፉ ሥራ መመርመር አለበት። “ይህ ውል ለሁለቱም ወገን ጥቅም የተዘጋጀ ነው” የሚል መግቢያ አንብባችሁ ልባችሁ አይረፍ፤ ጥቅሙን አንቀጹ ውስጥ ፈልጉት።

የሆነውን እናውቃለን። በጥቅምት 1882 ዓ.ም. የክሪስፒ መንግሥት አንቀጽ 17ን ለኤሮፓ መንግሥታት አሳወቀ፤ ይህንም ያደረገው በ1885 እ.ኤ.አ. በተፈረመው የበርሊን ስምምነት አንቀጽ 34 መሠረት ነበር። ምኒልክ ንጉሠ ነገሥት መሆናቸውን ራሳቸው ለነገሥታቱ ጽፈው ሲያሳውቁ ከእንግሊዝና ከጀርመን የመጣው ምላሽ ግንኙነቱ በኢጣሊያ በኩል ሊሆን እንደሚገባ የሚያመለክት ነበር። በ1883 ዓ.ም. መጀመሪያ ለንጉሥ ኡምቤርቶ በጻፉት ደብዳቤ አንቀጹ በወዳጅነት የተሰጠ ፈቃድ እንጂ የሚያስገድድ እንዳልነበረ ተናገሩ። በየካቲት 1885 ዓ.ም. ውሉን አፈረሱ። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. አድዋ ሆነ። ከአድዋ በፊት ግን ክርክሩ የንባብ ክርክር ነበር፤ በቤተ መንግሥት ሰዎች ተቀምጠው ቃል ከቃል ያስተያዩ ነበር።

የሥነ ጽሑፍ ሂስ ምስጋና ብቻ አይደለምና አማርኛውንም በፍቅር እንመርምረው። “ይቻላቸዋል” የሚያምር፣ ለንጉሥ ክብር የሚገባ ቃል ነው። ነገር ግን ለውል ቃል ጎድሎታል። “በራሳቸውም ቢልኩ መብታቸው ነው” የሚል አንድ ሐረግ ቢጨመርበት ኖሮ ለሌላ ትርጉም የሚቀረው ቦታ እጅግ በጠበበ ነበር። የተከበረ አነጋገር የሌላውን ቅንነት ይጠብቃል። ውል ግን ቅንነት በማይኖርበት ቀን ሊቆም የሚችል መሆን አለበት። ከአድዋ በኋላ በጥቅምት 1889 ዓ.ም. የተፈረመውን የአዲስ አበባ ውል ከዚህ ጋር አስተያዩት። ያ ውል የውጫሌውን ውል ለዘለቄታው ይሽራል፤ የኢትዮጵያንም ነፃነት ፍጹምና ያለ ምንም ገደብ መሆኑን ኢጣሊያ እንድታውቅ ያደርጋል። እዚያ ላይ የዓረፍተ ነገሩ ባለቤት ኢጣሊያ ናት፤ የምታውቀውና ቃል የምትገባው እርስዋ ናት። “ይቻላል” የለም፤ “ያለ ገደብ” አለ። አጻጻፉ ተምሮ መጥቷል፤ የትምህርቱ ዋጋ ግን የብዙ ሰው ደም ነበር።

አንዳንዶች የውጫሌን ውል “ሰምና ወርቅ” ይሉታል። እኔ አልስማማም። በቅኔ ሰሙም ወርቁም በአንድ ቃል ውስጥ በአንድ ማዕድ ይቀርባሉ፤ ባለቅኔው አድማጩ ወርቁን እንዲያገኝለት ይጋብዛል። በውጫሌ ውል ግን አንዱ ወገን የያዘው ወረቀት ሌላው ከያዘው ይለያል፤ ግብዣም የለም። ለዚህ የሚስማማው ምሳሌ ከቅኔ ቤት ሳይሆን ከገበያ የሚመጣ ነው። በዘዳግም 25፥13 እግዚአብሔር ሕዝቡን በአንድ ከረጢት ትልቅና ትንሽ፣ ሁለት ዓይነት መመዘኛ እንዳይዙ ያስጠነቅቃል። አንዱ ለመግዣ፣ አንዱ ለመሸጫ። ያ የድንጋይ ሚዛን ነው፤ ቃልም ሚዛን አለው። ሁለት ቅጂ በአንድ ማኅተም ማለት ሁለት ሚዛን በአንድ ከረጢት ማለት ነው።

ከዚያም ወደ ኋላ ብንሄድ በዘፍጥረት 3 የምናገኘው የመጀመሪያው ማሳሳት የአጻጻፍ ስልት ማሳሳት ነው። የእግዚአብሔር ቃል ከአንድ ዛፍ በቀር ሁሉን የሚፈቅድ ነበር። እባቡ “ሁሉ” የሚለውን ቃል ከፈቃዱ አንሥቶ ወደ ክልከላው አዛወረው። ሔዋንም ስትመልስ መንካትን ጨመረችበት። አንድ ቃል ቦታ ቀየረ፤ አንድ ቃል ተጨመረ። የቃልን ወሰን መጠበቅ የመንፈሳዊ ሕይወት ጉዳይ መሆኑን ከዚህ በላይ የሚያሳይ የለም። በነህምያ 8፥8 ደግሞ ሌዋውያኑ ሕጉን ለሕዝቡ በግልጽ እያነበቡ ትርጉሙን ያስረዱ እንደነበር እናነባለን። ማንበብ ብቻ አልበቃም፤ ሕዝቡ እንዲያስተውል ማድረግ ያስፈልግ ነበር።

አሁን ወደ ራሳችን እንምጣ። ከሐይቅም፣ ከውጫሌም፣ ከመላው ደቡብ ወሎ ብዙ ወጣቶች፣ በተለይ እህቶቻችን፣ ወደ ዓረብ አገሮች ለሥራ ይሄዳሉ። በእጃቸው የሚገባው የሥራ ውል እንደ ውጫሌው ውል ሁለት ቋንቋ ሊኖረው ይችላል። አንደኛውን ማንበብ ይችላሉ፤ ሌላውን አይችሉም። ለምሳሌ ያህል እኔ የሠራኋቸውን ሁለት ዓረፍተ ነገሮች እዩ። “ሠራተኛዋ በሳምንት አንድ ቀን ታርፋለች።” “ሠራተኛዋ በአሠሪዋ ፈቃድ በሳምንት አንድ ቀን ማረፍ ትችላለች።” ሁለተኛው ለጆሮ ይጥማል፤ ፈቃድ፣ ማረፍ፣ ትችላለች፣ ሁሉም መልካም ቃላት ናቸው። የመጀመሪያው ግን መብት ነው፤ ሁለተኛው ልመና ነው። “ደመወዝ ይከፈላል” የሚለውንም ተመልከቱ። ማን ይከፍላል? መቼ? በምን ገንዘብ? አድራጊው የጠፋበት ግስ ሲመጣ፣ ገንዘቡ የቀረ ቀን የምትጠይቁት ሰው አብሮ እንደ ጠፋ ቁጠሩት።

ይህን ጉዳይ የሚመለከት የውጭ አገር ሥራ ስምሪት አዋጅ ቁጥር 923/2008 አለን፤ በኋላም ተሻሽሏል። በወጣቶች ኅብረታችን አንድ የቅዳሜ ከሰዓት ይዘን አዋጁን ከአንድ የሥራ ውል ጋር በአራቱ ጥያቄዎች ብናነበው ከአገልግሎታችን የወጣ ሥራ አይደለም። ዓረብኛ የሚያነብ ጎረቤት በወሎ አይጠፋም፤ የእምነት ልዩነት ሳይከለክለን ሄደን “እባክዎ ጋሼ፣ ይህቺን አንቀጽ ያንብቡልን” ማለት እንችላለን። ሁለተኛውን ቅጂ ሌላ ዓይን ሳያየው አንፈርም። ከውጫሌ የወጣ ልጅ ይህን ካልተማረ ማን ይማር?

ይህ ሂስ ግን የሌሎችን ወረቀት ብቻ የሚመረምር ከሆነ ግብዝነት ነው። የራሳችንን ሰሌዳ እንይ። “ወጣቶች በሰዓቱ ይገኙ”፣ “መገኘት ይችላሉ”፣ “ይገኛሉ”፣ “መገኘት አለባቸው”፤ አራቱም በአንድ ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ተቀላቅለው ሊታዩ ይችላሉ። የትኛው ልመና፣ የትኛው ግብዣ፣ የትኛው ትእዛዝ እንደሆነ ጸሐፊው ሳያስብበት የጻፈው እንደሆነ አንባቢው እንደ ስሜቱ ይወስደዋል፤ ከዚያ ቅሬታ ይመጣል። በቃለ ጉባኤያችንም “ተወስኗል” የሚል ቃል ይበዛል። ማን ወሰነ? አንድ ወንድም ከመዘምራን ቡድን በ“ተወስኗል” ሲወጣ የሚጠይቀው ሰው የለውም። “የአመራር ኮሚቴው ወስኗል” ብለን ብንጽፍ ወረቀቱ ላይ የሚጨመረው ሁለት ቃል ነው፤ በወንድማማች መካከል የሚጨመረው ግን እምነት ነው። ጌታችን በማቴዎስ 5፥37 ንግግራችን አዎ ከሆነ አዎ፣ አይደለም ከሆነ አይደለም እንዲሆን ያዘዘን ለመሐላ ብቻ አይመስለኝም። ለማሰሪያ አንቀጽም ነው።

ከውጫሌ አጠገብ ያለው ስፍራ ስሙ “ይስማ ንጉሥ” ነው። ሰዋስውን ከተማራችሁ “ይስማ” የትእዛዝና የልመና ቅርጽ መሆኑን ታውቃላችሁ፤ ንጉሥ ሆይ ስማ ወይም ንጉሡ ይስማ እንደ ማለት ነው። የመስማት ስም በተሸከመ ስፍራ ላይ፣ ሁለት ወገኖች አንድ ወረቀት ፈርመው ሁለት ነገር ሰሙ። የተወደዳችሁ ወጣቶች፣ ከእንግዲህ ወረቀት ሲሰጣችሁ “የት ልፈርም?” ከማለታችሁ በፊት ግሱን፣ አድራጊውን፣ ወሰኑንና የጽሑፉን ዓይነት ጠይቁ። እናንተ ስትጽፉ ደግሞ፣ ሌላው ወገን በራሱ ቋንቋ ሲያነበው እናንተ ያሰባችሁትን የሚሰማ እንዲሆን አድርጋችሁ ጻፉ። በአንድ ከረጢት አንድ ሚዛን ይኑረን። ጌታ ማስተዋልን ያብዛላችሁ።